በመርከቡ ኋላ የተቀመጠው ሰው

ቬርና ኮስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ስታድል ወንዙን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። የሴንት ክሌር ወንዝ ከተማዋን ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ ከጓሮ ድንጋይ ቢወረውሩ ውኃ ውስጥ ይገባል። እሷ ግን ፊቷን ወደ ሰው በር፣ ጀርባዋን ወደ ውኃው አድርጋ ነው ጉልበቷ እስኪያልቅ የተመላለሰችው። ትልልቆቹ መርከቦች ሲያልፉ የቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ እሷ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ታወጣለች። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ጡረታ በወጣች ማግስት ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት አጣች። እግሯ መቀመጥ አልለመደምና ወደ ውጭ ወሰዳት፤ ወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ሄዳ ዐረፍ አለች። አጠገቧ ኦርቪል ነበር።

ኦርቪል የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነው። አርባ ዓመት መርከብ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። በዚያ ወንዝ ዳር እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘረጉና በስልካቸው ካርታ ላይ የትኛው መርከብ የት እንደደረሰ እያዩ ሲጠብቁ ይውላሉ። የመርከብ ስም ሲጠሩ የጎረቤት ስም የሚጠሩ ነው የሚመስሉት። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት፣ ዘገየችሳ?» ይባባላሉ።

ቬርና ለሦስት ሳምንት ያህል ዝም ብላ አብራው ተቀመጠች። በአራተኛው ሳምንት ኦርቪል ካሜራውን ከነረጅም ሌንሱ አንስቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠው።

«ያዢ እስቲ።»

ክብደቱ አስደነገጣት። «ምንድን ነው ይሄ? መድፍ ነው?»

«ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ መድፍ ነበር የምትለው። ትከሻዬ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ ከአንድ ጋሎን ወተት በላይ እንዳታነሳ ብሎኛል።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርገው?»

«አንቺ ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ በትከሻሽ ተሸክመሽ አንድ ሌንስ ይከብድሻል? ደግሞ ሰጠሁሽ አላልኩም፤ ማዋሴ ነው። ስሞት ትመልሺልኛለሽ።»

የመጀመሪያው ወር የሚያሳፍር ነበር። ስድስት መቶ ፎቶ አንስታ ለዓይን የሚሆነው ስድስቱ ብቻ ነው። ኦርቪል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የካሜራዋን መስታወት እያየ «ይቺ መርከብ ናት ወይስ ጉም?» ይላታል። ሌንሱ ውስጥ ማረጋጊያ አለ፤ የያዘው ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ እንቅጥቅጡን እየተከተለ ምስሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ሲጫኑት፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ እዝዝ ይላል። ቬርና ያንን ድምፅ እንደሰማች ታነሳለች። ጥፋቷ እሱ ነበር።

«አትቸኩዪ» አላት ኦርቪል። «ፖስታ አይደለም፣ ሳጥን ውስጥ ጣል አድርገሽ የምትሄጂው። ግማሽ ድረስ ተጫኚና ጠብቂ። መርከቡ መጀመሪያ እንደ ሰካራም ይወዛወዝብሻል፤ ከዚያ ቆም ይላል። ቆም ሲል አንድ ጊዜ ተንፍሺና ያኔ ተኩሺ።»

ሌሎቹም ወንበራቸውን እየጎተቱ ምክር ይለግሷታል። አንዱ፣ ጡረታ የወጣ አናጺ፣ ሌንሱን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰክቶ ማረጋጊያውን ማጥፋት በመርሳቱ፣ ማንም ሳይነካው ምስሉ ብቻውን ሲንሸራተት አይቶ ካሜራውን ሰይጣን ገባበት እንዳለ ይተርካል። አንዷ ሴትዮ ሌንሱን ወደታች አንጠልጥላ ስትራመድ በራሱ ክብደት እየተዘረጋ ጉልበቷን ይመታታል፤ መቆለፊያ እንዳለው ያወቀችው ጉልበቷ ከበለዘ በኋላ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር በበጋ ቀትር ላይ ምንም ዓይነት ማረጋጊያ እንደማይረዳ ነው። ከውኃው የሚነሳው ሙቀት መርከቡን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ጨርቅ ያርገበግበዋል፤ ያን ጊዜ ካሜራን ከልሎ ምሳ መብላት ነው።

እጇ ከለመደ በኋላ ቬርና አንድ ነገር አስተዋለች። እሷ መርከብ አይደለም የምታየው። ኦርቪል የመርከቡን አፍንጫና ጭስ ማውጫ ሲያደንቅ፣ እሷ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አቅርባ ሰው ትፈልጋለች። ካልሲውን የመርከቡ ጠርዝ መደገፊያ ብረት ላይ የሚያሰጣ፣ በመጥረጊያ እንጨት ጀርባውን የሚያክክ፣ ሥራ የያዘ መስሎ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለብቻው የሚዘፍን። ሦስት መቶ ሜትር የሚሆን ብረት ሲያልፍ፣ እሷ የያዘችው አንድ ሰው ሲያዛጋ ነው።

«ሁለት መቶ ሺህ ኩንታል ማዕድን የጫነ መርከብ ከፊትሽ አለፈ፣ አንቺ ያነሳሽው የሰውዬ ብብት ነው» አላት ኦርቪል።

«መርከቡንማ አንተ አርባ ዓመት አንስተኸው የለ? ምን ቀርቶት?» አለችው።

ፎቶዎቿን መርከብ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ትለጥፋለች። በዓመቱ፣ ክረምቱ አልፎ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ለመርከብ እንደተከፈተ ሰሞን፣ ቶማስ ግሬንጀር የሚባለውን አሮጌ መርከብ ለጠፈች። በማግስቱ ከማታውቃት ሴት መልእክት ደረሳት።

«ጤና ይስጥልኝ። ዳርሲ እባላለሁ። ትናንት የለጠፉት ፎቶ ላይ፣ ከመርከቡ ኋላ፣ ነጭ ሽርጥ ያደረገ ሰው ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ገጹ ላይ ያለው በጣም ትንሽ ነው። ዋናው ካለዎት እባክዎን ግራ እጁን አይተው ይንገሩኝ። የቀለበት ጣቱ አጠር ያለ ነው?»

ቬርና ዋናውን ፎቶ ከፍታ አተለቀችው። ሰውየው ሽበታም ነው፣ ድንች ይልጣል። ፊቱ ወደ ጉልበቱ አቀርቅሯል፤ እጆቹ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የግራ እጁ የቀለበት ጣት ከመጀመሪያው አንጓ ላይ ተቆርጧል። የሰው ገመና ሳታንኳኳ ከፍታ የገባች መሰላት።

«ሰውየው ምንዎ ነው?» ብላ ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ። «አባቴ ይመስለኛል። ሮላንድ ፔቲ ይባላል። ካየሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።»

በነጋታው ቬርና ለኦርቪል አጫወተችው።

«ታዲያ ላኪላት እንጂ! ምን ያስጨንቅሻል?» አለ። «ልጁ ናት።»

«ልጁ መሆኗን እሷ ናት ያለችው። ብትሆንስ? ሰውየው አውቆ ርቆ ከሆነስ?»

«የለጠፍሽው አንቺ! አሁን ልደብቀው ትያለሽ?»

«ሳላውቅ ነው የለጠፍኩት። አሁን ግን ስሙንም አወቅሁ። ኦርቪል፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፖስት ካርድ ገልብጬ አንብቤ አላውቅም። ጀርባው ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል። እኔ ግን አላነበብኩም። ደብዳቤ ስሙ ለተጻፈበት ሰው ነው።»

ኦርቪል ራሱን ነቀነቀ። «ጡረታ ወጥተሽም ዩኒፎርሙን አላወለቅሽውም።»

ቬርና ለዳርሲ መጀመሪያ ሰውየውን ልጠይቀው ብላ ጻፈች። ዳርሲ ተቆጣች። «ማን ዳኛ አደረገዎት? የጠየቅሁዎት የአንድ ጣት ነገር ነው» አለቻት። ቬርና የስልክ ቁጥሯን ብቻ ላከችላት። አመሻሹ ላይ ስልኳ ጠራ፤ ዳርሲ ነበረች፣ ድምጿ ተዳክሟል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ላይ አይደለም የተናደድኩት» አለች። ከዚያ ሳትጠየቅ ነገሯን ዘከዘከችው። እናቷ የሞተችው ድንገት ነው፣ በኅዳር። አባቷ ያኔ በሰሜን በኩል ባለው ትልቁ ሐይቅ ላይ ነበር፤ ማዕበሉ መርከቡን ከአንድ ደሴት ጥግ አስጠልሎ ሦስት ቀን ያዘው። ሲደርስ ቀብሩ አልፏል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። ዳርሲ በሩ ላይ ቆማ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ «ለእሷ ጊዜ ያልነበረህ ለእኔም አይኑርህ። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው።

«እሱስ ምን አለ?» አለች ቬርና።

«‹እሺ› አለ። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ይመለሳል ብዬ ነበር። ሰው እንዲህ ሲባል አንድ ሁለቴ መጥቶ ይለማመጥ የለ? እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ላይ የታዘዘውን ሲፈጽም የኖረ ሰው ነው። እኔም አዘዝኩት፣ ፈጸመ። ከዚያ ቤት ቀየርኩ፣ ስልክ ቀየርኩ፣ ልጅ ወለድኩ። ቢፈልገኝ እንኳ አያገኘኝም እያልኩ እናደድ ነበር። እኔ ልፈልገው ስነሳ ደግሞ አፍራለሁ። ልጄ ጁን አምስት ዓመቷ ነው። አያት አለኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

ቬርና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ቃሏን አላጠፈችም። «ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፣ ልጄ» አለቻት። «መርከብ ላይም ደብዳቤ ይደርሳል። እሱን ለእኔ ተዪው።»

ደብዳቤ መርከብ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ደግሞ ከቬርና በላይ የሚያውቅ የለም። ዲትሮይት ላይ አንዲት ትንሽ የፖስታ ጀልባ አለች። ትልቁ መርከብ ሳይቆም እሷ ጎኑ ተጠግታ አብራው ትሄዳለች፤ ከላይ ባልዲ በገመድ ይወርዳል፣ ፖስታው ይገባል፣ ባልዲው ይሳባል። ቬርና ፎቶውን በትልቁ አሳተመች፤ ከደብዳቤ ጋር በካርቶን አሸገችው።

«ይድረስ ለአቶ ሮላንድ ፔቲ። እኔን አያውቁኝም። ወንዝ ዳር ተቀምጬ ፎቶ የማነሳ ጡረተኛ ነኝ። ይሄ ሰው እርስዎ ከሆኑ፣ ዳርሲ የምትባል ሴት ፎቶውን ትፈልገዋለች፤ ልጅዎ ነኝ ትላለች። እርስዎ ሳይፈቅዱ ለማንም አልሰጥም። ሳላስፈቅድ ስላነሳሁዎት ይቅርታ። ድንቹን ግን አሳምረው ነው የሚልጡት።»

የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ ልትሰርዛት አሰበችና ተወቻት።

ከዚያ በኋላ ቶማስ ግሬንጀር ሁለቴ አለፈ። በመጀመሪያው ጊዜ ከኋላው ማንም አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ ሰውየው ባልዲው ላይ ነበር፤ የሚልጠው ነገር ግን አልነበረም። እጁን ጭኑ ላይ አጣምሮ ወንዝ ዳር የተደረደሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ እያየ አለፈ። ቬርና ደብዳቤው እንደደረሰው ገባት። ካሜራው ጭኗ ላይ ነበር፤ አላነሳችውም።

«ምነው?» አላት ኦርቪል።

«መልስ አልሰጠኝማ።»

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ከወጥ ቤት መዝገብ የተቀደደ ወረቀት ነው፤ ጽሕፈቱ ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው።

«ይድረስ ለወይዘሮ ኮስ። ፎቶው ደርሶኛል። ይህን ያህል ማርጀቴን አላወቅሁም ነበር። ሰውየው እኔ ነኝ። ጣቴን የቆረጠኝ የዳቦ መቁረጫ ነው፤ ዳርሲ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ከእኔ በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። ደጄን አትርገጥ ብላኛለች፤ አልረገጥኩም። ወንዙ ግን የማንም ደጅ አይደለም። መጥታ ዳር ላይ መቆም ከፈለገች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቶሌዶ ስንወርድ የቁርሱን ዕቃ አጥቤ ወደ ኋላ እወጣለሁ። ካልፈለገችም ፎቶውን ይላኩላት። ድንች መላጥማ የአርባ ዓመት ትምህርቴ ነው። ሮላንድ።»

ቬርና ደብዳቤውን ለዳርሲ በስልክ አነበበችላት።

«ቶሌዶ ብሎ ነው የጻፈው?» አለች ዳርሲ።

«አዎ፣ ቶሌዶ።»

«ወይዘሮ ቬርና፣ እኔ የምኖረው እኮ ቶሌዶ ነው። ማዕድን የሚያራግፉበት ወደብ ከቤቴ አሥር ደቂቃ አይሞላም።»

ቶማስ ግሬንጀር የወረደው በሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚያልፍ ካርታው ያሳያል። ሙቀቱ ገና አልተነሳም፣ ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ለሌንስ የሚመች ጠዋት ነበር። ዳርሲ ገና ሳይነጋ ነድታ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ልብስ ላይ ሹራብ የደረበች ሴት ናት፤ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ልጇን ይዛ በቀጥታ ነው የመጣችው። ጁን ደግሞ የዝናብ ቦቲ አድርጋለች፣ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና ሳይኖር። ኦርቪል የራሱን ወንበር ለቀቀላትና ለልጅቷ ብስኩት ሰጣት።

«ይሄ መድፍ ነው?» አለች ጁን ሌንሱን እያየች።

«ይኸው፣ ሦስተኛ ምስክር» አለ ኦርቪል።

መርከቡ ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለ። መጀመሪያ አፍንጫው፣ ከዚያ ማለቂያ የሌለው ቀይ ጎኑ። ዳርሲ ተነስታ ቆመች። እጆቿን ሹራቧ ውስጥ ደብቃለች። ቀይ ጎኑ አልፎ አልፎ ነጩ የኋላ ቤት ደረሰ። መደገፊያ ብረቱ ጋ ማንም አልቆመም። ባልዲው አለ፤ ሰው የለም።

የመርከቡ ሞተር ብቻ ከደረት ውስጥ ይሰማል።

«አልወጣም» አለች ዳርሲ። ድምጿ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ። «እውነቱን ነው። የእጄን ነው ያገኘሁት።»

«ቆይ» አለች ቬርና። ካሜራውን ወደ ዓይኗ አነሳች፣ እስከ መጨረሻው አቀረበች። በሩን አየች፣ ዝግ ነው። ደረጃውን አየች። ከዚያ ከመደገፊያ ብረቱ ኋላ የተደረደሩትን ክብ መስኮቶች አንድ በአንድ፣ የቤት ቁጥር እንደምታነብ፣ ቀስ ብላ አለፈቻቸው። አንደኛው ጨለማ ነው። ሁለተኛው ላይ ድስት ተሰቅሏል። ሦስተኛው ላይ ፊት አለ።

«አገኘሁት! ነይ፣ ቶሎ በይ፣ ነይ!»

ካሜራውን ለዳርሲ አስያዘቻት። ዳርሲ ከጣቷ እስከ ትከሻዋ ትንቀጠቀጣለች፤ «ምንም አይታየኝም፣ ሁሉም ይሮጣል» አለች። ቬርና ከኋላዋ ቆማ ሌንሱን ከሥር በሁለት እጇ ደገፈችላት።

«አትቸኩዪ። ግማሽ ድረስ ተጫኚው። ድምፁ ተሰማሽ? አሁን ጠብቂ። ሦስተኛው መስኮት ነው። ተንፍሺ፣ የኔ ልጅ።»

ሌንሱ እዝዝ አለ። ቬርና የዳርሲ ጀርባ ደረቷ ላይ ሲርድ ይሰማታል፤ ከዚያ በድንገት ትንፋሿ ቀጥ አለ።

«አባዬ ነው» አለች። «አርጅቷል። ክራቫት አድርጓል። ኧረ ምን ሆኖ ነው ክራቫት ያደረገው?»

«ለአንቺ ነዋ!» አለ ኦርቪል ከወንበሩ ኋላ።

«እኔም ልይ! እኔም ልይ!» ጁን የእናቷን ሹራብ ትጎትታለች። ቬርና ጎንበስ ብላ ሌንሱን በጉልበቷ ላይ አስደገፈችላት። ልጅቷ አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና በሌላው ለረጅም ጊዜ አየች።

«እማዬ፣ ሰውዬው እያለቀሰ ነው። ሽንኩርት ነው የሚልጠው?»

ዳርሲ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ወደ ውኃው ጠርዝ ሮጠች። «አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ ሞተሩ ድምጿን ዋጠው። ሹራቧን አውልቃ ከራሷ በላይ ታውለበልበው ጀመር። ጁንም ምን እንደሆነ ሳይገባት አንድ ቦቲዋን አውልቃ አውለበለበች። ቬርና ዓይኗን ወደ ካሜራው መለሰች። ሰውየው መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎታል፤ አራት ሙሉ ጣትና አንድ አጭር። ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነች። መርከቡ መታጠፊያውን ዞረ።

ዳርሲ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «ሄደ» አለች።

«የት ይሄዳል?» አለ ኦርቪል። «መርከብ እኮ ነው፣ ወፍ አይደለም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቶሌዶ ይታሰራል። አንቺ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጅብሽ፤ ቤትሽ ገብተሽ፣ ተኝተሽ፣ ጸጉርሽን ታጥበሽ ትደርሺበታለሽ።»

«ወደቡ ሰው አያስገባም።»

«አያስገባም፤ ያስወጣል ግን። በረኛውን ‹ወጥ ቤቱን ጥራልኝ› በዪው። ወጥ ቤት ሲጠራ ሁሉም ይደነግጣል፤ እራት የለም ሊባል ነው ብሎ።»

ዳርሲ ተነሳች። ቬርናን እቅፍ አድርጋ ለመሄድ ዞረች፤ ተመለሰችና ኦርቪልንም አቀፈችው። ኦርቪል ትከሻውን አሞት ፊቱን ቢያጨማድድም «ቀስ» አላላትም።

ያን ቀን ቬርና ሌላ ፎቶ አላነሳችም። ቤቷ ገብታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሾርባ አሞቀች፣ ሳትበላው ቀዘቀዘ፣ ደግማ አሞቀች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ዳርሲ ደወለች።

በረኛው ደግ ሰው ነበር፤ መርከቡ ላይ ደወለላት። ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አልመጣም። ከዚያ በማዕድኑ ክምር መካከል ባለው ረጅም መንገድ ላይ አንድ ሰው ክራቫቱን እያስተካከለ ሲመጣ አየች። የበሩ ብረት ጋ ሲደርስ ቆመ። ከበሩ አላለፈም። «ጠዋት ሦስት ጊዜ የወጥ ቤቱን በር እጀታ ይዤ ነበር» አላት። «እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እኔ ደግሞ የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ ሳጠና ነበር የመጣሁት» አለች ዳርሲ። «አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር አለኝ። ሳየው ግን ምን አልኩት መሰለዎት? ‹በልተሃል?› አልኩት። ወጥ ቤቱን!»

መርከቡ እስኪራገፍ ስድስት ሰዓት ነበራቸው። ወደ ቤቷ ወሰደችው። ጁን እጁን ይዛ የጎደለውን ጣት ትቆጥርና «የት አደረግኸው?» ትለዋለች። እሱ «ዳቦ ውስጥ ገብቶ ሰው በላው» ብሎ ሲመልስላት እየጮኸች ትሮጣለች፤ ተመልሳ መጥታ ደግማ ትጠይቀዋለች። ዳርሲ ይህን ስታወራ ከኋላዋ የልጅቷ ጩኸት ለቬርና ይሰማት ነበር።

ነገሩ ግን በአንድ ቀን አልተፈታም። በመስከረም ዳርሲና አባቷ በስልክ ተጣሉ፤ ስለ እናቷ ነው፣ ስለዚያ ኅዳር። መርከቡ ሁለት ጊዜ ቶሌዶ ቢታሰርም አባቷ ሳይጠራት ቀረ። በሦስተኛው እሷ ራሷ የወደቡ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ክረምቱ ገብቶ ሐይቆቹ በረዶ ሲሠሩና መርከቡ ሲቆም፣ ሮላንድ ከእሷ ቤት ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራየ። አብረን እንኑር አላለችውም፤ እሱም አልጠየቀም። እሑድ እሑድ እየመጣ ያበስላል፣ እሷ ጨው በዛ ትለዋለች፣ እሱ መርከበኛ በጨው ነው የሚኖረው ይላታል።

የመስኮቱን ፎቶ ቬርና ገጹ ላይ አልለጠፈችውም። ሁለት ብቻ አሳትማ አንዱን ለዳርሲ፣ አንዱን ለሮላንድ ላከች። ኦርቪል ይህን ሲሰማ አኮረፈ።

«ለእኔስ?»

«አንተ ሰው አታነሳም፣ መርከብ ነው የምትወደው።»

«መስኮቱ የመርከቡ አይደለም እንዴ?» አላት። ሦስተኛ አሳተመችለት።

በየካቲት ዳርሲ እሑድ ለምሳ ጠራቻቸው። ቬርና ነዳች፤ ኦርቪል እስከ ቶሌዶ ድረስ ፍጥነቷን፣ መስመር አያያዟን፣ የራዲዮውን ጣቢያ ሲነቅፍ ሄደ። ቤቱ ፊት ለፊት ያለው በረዶ በአካፋ ተጠርጎ ወደ ጎን ተከምሯል። ከውስጥ የተጠበሰ ዶሮ ሽታ መንገዱ ድረስ ይመጣል። ቬርና እጇን ወደ ደወሉ ስትሰድ በሩ ከውስጥ ተከፈተ፤ ጁን በካልሲዋ ደፉ ላይ ቆማ ወደ ኋላዋ ዞራ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«አያቴ! እንግዶቹ መጥተዋል፣ ቶሎ አውጣው ዶሮውን!»